የ2016 ሙቶን ሮትሺልድ፦ አንድን የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ከምርት ዘመኑ ተነሥቶ ለመረዳት የሚያግዝ ዝርዝር መመሪያ

ቦርዶ በተባለው የፈረንሳይ የወይን አውራጃ በተሠራ በአንድ ቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ብዙ ነገር የሚናገረው ባለ አራት አኃዙ ዓመት ነው። ይህ ዓመት ወይን ጠጁ የታሸገበት ወይም ለገበያ የወጣበት ሳይሆን ፍሬው ከሐረጉ የተለቀመበት ነው። ብዙዎቻችን ቁጥሩን የምናየው ዕድሜ ለመቁጠር ብቻ ነው፤ የቆየው ከአዲሱ ይበልጣል ብለን እናስባለንና። በቦርዶ ግን የ2013ን ጠርሙስ ሦስት ዓመት ስለሚበልጥ ብቻ ከ2016ቱ ማስቀደም ስሕተት ነው። ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ በእነዚያው ሰዎች እጅ የተሠሩ ቢሆኑ እንኳ፣ የወረደባቸው ዝናብና የወጣላቸው ፀሐይ ፈጽሞ የተለያየ ነበር።

ይህ መመሪያ አንድን የተወሰነ ወይን ጠጅ፣ ማለትም የ2016 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድን («ሻቶ» በቦርዶ የወይን ርስት ማለት ነው) ይዞ፣ ከጠርሙሱ ጽሑፍ እስከ ብርጭቆው ድረስ በየእርምጃው ይሄዳል። ዋጋው ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የመረጥሁት እንዲገዛ ሳይሆን ስለ አሠራሩ በይፋ የሚታወቀው ብዙ ስለሆነ ነው፤ እርምጃዎቹ በዚያው አካባቢ ለተሠራና ዋጋው እጅግ ዝቅ ላለ ጠርሙስም ያገለግላሉ። ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። «ወይን» ስል ተክሉንና ፍሬውን፣ «ወይን ጠጅ» ስል መጠጡን ማለቴ ነው።

እርምጃ 1፦ የጠርሙሱን ጽሑፍ በቅደም ተከተል ያንብቡ

በመጀመሪያ ስሙን ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። «ሙቶን» የሚል ቃል ያለበት ጠርሙስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ ወደ 90 ሄክታር ከሚጠጋ የአንድ ርስት ማሳ የሚወጣው ዋናው ወይን ጠጅ ነው። ለ ፔቲ ሙቶን ከዚያው ርስት የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ሙቶን ካዴ ግን በ1930ዎቹ የተጀመረ፣ ከቦርዶ ልዩ ልዩ ቦታዎች በተሰበሰበ ወይን በብዛት የሚመረት የንግድ ስም ነው። በየአየር ማረፊያው መደብር የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው። ለዕለት መጠጥነት የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ስሙን ብቻ አይቶ የመጀመሪያውን የገዛ የመሰለው ሰው ገንዘቡን ለቃል ከፍሏል።

ቀጥሎ የቦታውን ስም ይፈልጉ። በዚህ ጠርሙስ ላይ «ፖያክ» ተብሎ ተጽፏል። ፖያክ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን፣ በዢሮንድ የወንዝ አፍ ግራ ዳርቻ በሚገኘው የሜዶክ ምድር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1936 ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ መሠረት ይህን ስም መያዝ የሚችለው በወሰኗ ውስጥ በበቀለ ወይን የተሠራ ብቻ ነው። በጥቅሉ «ቦርዶ» የሚለው ስም ሰፊውን አውራጃ፣ «ሜዶክ» ወይም «ኦ ሜዶክ» የሚለው ጠበብ ያለውን፣ «ፖያክ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የጠበበውን ስፍራ ያመለክታል። ስሙ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ደንቡም እየጠበቀ ይሄዳል።

ከዚያ ደረጃውን ይመልከቱ። በ1855 ሦስተኛው ናፖሊዮን በፓሪስ ላዘጋጀው ዓለም አቀፍ ትርኢት የቦርዶ ደላሎች በአብዛኛው የሜዶክ የሆኑ ርስቶችን ከአንድ እስከ አምስት በደረጃ መደቧቸው። መለኪያቸው በዋናነት ወይን ጠጁ በገበያ ለረጅም ጊዜ ያወጣው ዋጋ ነበር። ሙቶን በዚያ ጊዜ በሁለተኛው ደረጃ ራስ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ለብዙ ዓመታት ሲሟገት ቆይቶ፣ በ1973 የግብርና ሚኒስትር የነበረው ዣክ ሺራክ በፈረመው ድንጋጌ ርስቱ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ አለ። በዚያ ምደባ ከተቀመጠበት ደረጃ ወደ ሌላ የተሻገረ ሌላ ርስት የለም። ስለዚህ በሌሎች ጠርሙሶች ላይ የሚያዩት ደረጃ የ170 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የዋጋ ዝርዝር መሆኑን አይርሱ፤ ዛሬ ከደረጃው በላይም ከደረጃው በታችም የሚሠሩ አሉ።

«በሻቶው የታሸገ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍም ያግኙ። ቀደም ባለው ጊዜ ርስቶቹ ወይን ጠጁን ገና በበርሜል ሳለ በቦርዶ ወደብ ላሉ ነጋዴዎች ይሸጡት ነበር፤ የሚያቆየውም የሚያሽገውም ነጋዴው ስለነበር በመንገድ ላይ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ አልነበረም። ይኸው ባሮን ፊሊፕ በ1924 ምርቱን ሁሉ በርስቱ ውስጥ ለማሸግ ወሰነ፤ ዛሬ ይህ የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ከ1945 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ሠዓሊ የጠርሙሱን ሥዕል ይሠራል። የ2016ቱን የሣለው ደቡብ አፍሪካዊው ዊሊያም ኬንትሪጅ ነው፤ እንደ ጥላ የጠቆሩ ምስሎቹን ላየ ሰው ከሌሎቹ ለመለየት አያስቸግርም። ሥዕሉ ስለ ጣዕሙ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሰብሳቢዎች ግን ስለ ሥዕሉ ብለው ይገዙታል።

እርምጃ 2፦ መሬቱን ከወይኑ ዘር ጋር ያገናኙ

የፖያክን ማሳ አፈር ከማለት ጠጠር ማለት ይቀላል። ከፒሬኔና ከማሲፍ ሳንትራል ተራሮች ተነሥተው የሚወርዱት ጋሮንና ዶርዶኝ ወንዞች በረጅም ዘመናት እያንከባለሉ ያመጡት ድንጋይ በወንዙ ዳር ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ሠርቷል። እህል የሚዘራ ገበሬ ቢያየው ጠፍ ብሎ ይተወዋል። ለወይን ግን ውኃ አይቋጥርም፣ ሥሩን ወደ ታች እንዲወርድ ያስገድደዋል፣ ቀን የያዘውንም ሙቀት ማታ ይመልስለታል። በመካከሉ የነበረውን ረግረግ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች አደረቁት።

ይህ ሙቀት የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ለካበርኔ ሶቪኞን ነው። ካበርኔ ዘግይቶ የሚበስል፣ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነ ዘር ነው፤ በደንብ ካልበሰለ እንደ አረንጓዴ ቃሪያ ይሸታል። ሜርሎ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይበስላል፤ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ የሚወደውም ውኃ የሚይዝ የሸክላ አፈር ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ከግራው ዳርቻ፣ ማለትም ከሜዶክ ከሆነ ካበርኔ እንደሚያመዝንበት፣ ከቀኙ ዳርቻ፣ ማለትም ከሳንቴሚሊዮን ወይም ከፖምሮል ከሆነ ሜርሎ እንደሚበዛበት አስቀድመው መገመት ይችላሉ። ካበርኔ ፍራንና ፔቲ ቬርዶ በጥቂቱ ይገባሉ። በደንቡ የሚፈቀዱት ማልቤክና ካርሜኔር በዛሬው ሜዶክ እምብዛም አይገኙም።

እርምጃ 3፦ የዓመቱን አየር ከወር ወደ ወር ይከተሉ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው እርምጃ ይህ ነው። ወረቀት ይውሰዱና ከጥር እስከ ጥቅምት ያሉትን ወራት ወደ ታች ጽፈው፣ በእያንዳንዱ ወር ወይኑ የሚያደርገውንና ሰማዩ ያደረገውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ወይኑ ይተኛል። ሠራተኞች በብርድ ወጥተው እያንዳንዱን ሐረግ ይገርዛሉ፤ በሜዶክ የተለመደው ከግንዱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቀንበጥ ብቻ ማስቀረት ነው። በአንድ ሄክታር እስከ 10,000 ግንድ በሚተከልበት ማሳ ይህ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው። የምርቱ መጠን መወሰን የሚጀምረውም ከዚህ ነው፤ ብዙ እምቡጥ የተወ ሰው ብዙና ውኃማ ፍሬ ይለቅማል። ወይን ጠጅ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው የክረምት እንቅልፍ ነው። በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብ እንጂ በረዶ ስላልሆነ ጉዳዩ ይለያል። በቦርዶ የተመሠረተው የካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለማው፣ በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ባቀረበው እርሻ ላይ ሜርሎና ካበርኔ ይበቅላሉ፤ እንዲህ ባለ ሞቃት ምድር ግን ወይኑን የሚያሳርፈው ብርድ ሳይሆን ገራዡና መስኖው ነው።

በ2016 ክረምቱ ለስለስ ያለና እጅግ ዝናባማ ነበር። ዝናቡ በጸደይም ቀጠለ፤ በሰኔ መጀመሪያ በፓሪስ የሴን ወንዝ ሞልቶ የሙዚየም ዕቃዎች ወደ ላይኛው ፎቅ የተወሰዱበት ዓመት ነው። ለወይን ገበሬ የዚህ ዓይነት ጸደይ ትልቁ ሥጋት ሚልዲው የሚባለው ቅጠል አድራቂ ሻጋታ ነው፤ ስለዚህ የ2016 የመጀመሪያ ወራት ከመርጫ ጋር የታለፉ ናቸው። የዚህ በሽታ መድኃኒት የተገኘውም በዚያው በሜዶክ ነው። በ1880ዎቹ የዕፀዋት ምሁሩ ፒየር ማሪ አሌክሲ ሚያርዴ፣ መንገደኞች ፍሬውን እንዳይሰርቁ ሲባል በመንገድ ዳር ያሉት ግንዶች ላይ ብቻ የተረጨ ሰማያዊና መራራ ውሁድ አየ፤ ቅጠላቸው ያልደረቀውም እነዚያው ግንዶች ነበሩ። የመዳብ ሰልፌትና ኖራ የሆነው ይህ ውሁድ እስከ ዛሬ «የቦርዶ ድብልቅ» ይባላል። ሌባ ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱ ምን ያህል ይዘገይ እንደነበር ማሰብ ያስገርማል።

በሰኔ መጀመሪያ ወይኑ ያብባል። አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ንብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ደረቅና ሞቃት ቀን ነው። በ2013 በዚህ ጊዜ ብርድና ዝናብ ስለመጣ አበባው ረገፈ፣ በተለይ የሜርሎ ዘለላዎች ሳሱ፤ የዚያ ዓመት ምርት ከዚያ ወዲያ አላገገመም። በ2016 ግን በዝናቡ መካከል አየሩ ልክ በዚያ ሰሞን ተከፈተና አበባው በአንድነት ፍሬ ያዘ። ብዙ ዝናብ ስለዘነበ ከመሬቱ ሥር ውኃ ነበረ፤ በዘለላው ላይም ፍሬ ነበረ። ለመልካም ዓመት የሚጎድለው ፀሐይ ብቻ ነበር።

ፀሐዩ ከሰኔ መገባደጃ ጀምሮ መጣ፤ ደግሞም አላቆመም። ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ሆኑ። በነሐሴ አረንጓዴው ፍሬ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ወቅት መጠነኛ ጥማት ወይኑ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ጉልበቱን ወደ ፍሬው እንዲያዞር ያደርገዋል። ይሁንና ጥማቱ ከበዛ ተክሉ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል፤ በነሐሴ መጨረሻ ሥራቸው ገና ጥልቅ ያልሆነ ወጣት ግንዶች ወደዚያ ደርሰው ነበር። በመስከረም 13 ዝናብ ወረደ። በእኛ አቆጣጠር የ2009 ዓ.ም. መስከረም 3 ቀን መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው «ዝናቡ ይብቃን» በሚልበት ሰሞን ሜዶክ ላይ ያን ዝናብ በደስታ ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆነ። የቀኑ ፀሐይ ስኳሩንና ልጣጩን ሲያበስል የሌሊቱ ቅዝቃዜ ኮምጣጣነቱንና መዓዛውን ጠበቀ። የዓመቱ ጠባይ ያለው በዚህ ጥምረት ውስጥ ነው፤ በሞቃት ዓመት እንደሚገኘው ብስለት ይኖራል፣ በቀዝቃዛ ዓመት እንደሚገኘው ትኩስነትም ይኖራል።

እርምጃ 4፦ ለቀማው መቼና እንዴት እንደሆነ ይወቁ

የለቀማ ቀን በአንድ ርስት ውስጥ ከሚደረጉ ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለበትምና። በ2016 ሜርሎ ከመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ፣ ካበርኔ ሶቪኞን በአብዛኛው በጥቅምት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ተለቀመ። የዝናብ ሥጋት ስላልነበረ እያንዳንዱን ቁራሽ ማሳ በደረሰበት ቀን መልቀም ተቻለ። በ2013 ተቃራኒው ሆነ፤ የመበስበስ ሻጋታ በዘለላው ላይ ስለተነሣ ብዙዎች ፍሬው ሳይደርስ ለመልቀም ተቻኮሉ።

ስለ አንድ ዓመት የሚያነቡት ጽሑፍ የለቀማውን ቀን ከሰጠ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ከአበባው እስከ ለቀማው ስንት ቀን እንዳለፈ ነው፤ ከ100 እስከ 110 ቀን የተለመደ ነው፣ በ2016 ካበርኔ ከዚህ በላይ ቆይቷል። ሁለተኛው ለቀማው ስንት ቀን እንደፈጀ ነው፤ ረጅም ለቀማ ብዙውን ጊዜ ሠሪው ለመምረጥ ጊዜ እንደነበረው ያሳያል። እንደ ሙቶን ባሉ ርስቶች ለቀማው በእጅ ነው፤ ፍሬው ከዘለላው እንጨት ከተለየ በኋላም በጠረጴዛ ላይ እየታየ ይመረጣል።

እርምጃ 5፦ ማፍላቱን ከሚያውቁት ጠጅና ጠላ ጋር እያነጻጸሩ ይረዱ

ጠጅ በቤት ሲጣል ያየ ሰው የዚህን እርምጃ ግማሽ ያውቃል። በጠጅ ስኳሩ ከማር፣ መራራው ከጌሾ ይመጣል፤ በቦርዶ ሁለቱም የሚመጡት ከአንዲት ፍሬ ነው። ጭማቂው ስኳሩን፣ ልጣጩና ፍሬ ውስጥ ያለችው ዘር አፍ የሚይዘውን ታኒን ይሰጣሉ። ቀለሙም ያለው በልጣጩ ውስጥ ነው፤ የካበርኔ ጭማቂ ብቻውን ቢፈላ ቀይ አይሆንም። ስለዚህ ጭማቂው፣ ልጣጩና ዘሩ እንደ ጠላ ድፍድፍ በአንድነት ወደ ጋኑ ይገባሉ።

የሙቶን የማፍያ ቤት በ2012 ለነበረው ምርት የደረሰ ሲሆን 64 ማፍያ ጋኖች አሉት፤ 44ቱ የእንጨት፣ የቀሩት የማይዝግ ብረት ናቸው። የጋኖቹ መብዛት ለትልቅነት አይደለም። ጋን በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱን ቁራሽ ማሳ ፍሬ ለብቻው ማፍላት ይቻላል፤ በእርምጃ 7 የምናየው ቅልቅል የሚመካው በዚህ ነው። ፍሬው የሚወርደውም በፓምፕ ተገፍቶ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በራሱ ክብደት ነው፤ የተፈጨ ዘር ደስ የማይል ምሬት ይለቃልና።

እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሆናል፤ ስለዚህ 13 በመቶ ለሚሆን ወይን ጠጅ ጭማቂው በሊትር ወደ 220 ግራም ስኳር ይዞ መግባት ነበረበት። ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ ወፍራም ክዳን ያሠራዋል። ክዳኑ ከደረቀ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሠራተኞች ከጋኑ ግርጌ ጭማቂውን ቀድተው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከላይ ያፈሱበታል። ሙቀቱ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ይጠበቃል። መፍላቱ በሳምንት ገደማ ሲያበቃ ፈሳሹ ከልጣጩ ጋር እስከ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

የዓመቱ ጠባይ ሠሪውን የሚያዝዘው እዚህ ላይ ነው። በ2016 ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ታኒኑም ብዙ ስለነበረ ጥበቡ ከልጣጩ ብዙ ማውጣት ሳይሆን መቆጠብ ነበር፤ ሻይ ቅጠሉ በዛ ያለበትን ጀበና ብዙ እንደማናፈላው ማለት ነው። ደካማ ዓመት ላይ ሠሪው ጉድለቱን በኃይል ለመሙላት ሲሞክር የሚገኘው ወይን ጠጅ ቀለሙ ይጠቁራል፣ አፍ ላይ ግን ደረቅና ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከቀመሱ ጥፋቱ የሰማዩ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ።

እርምጃ 6፦ መጭመቁንና ሁለተኛውን ለውጥ አይዝለሉ

ፈሳሹ ከጋኑ ግርጌ በራሱ ሲወርድ ልጣጩና ዘሩ በውስጡ ይቀራሉ። ይህ አተላ ወደ መጭመቂያ ገብቶ ጠቆር ያለና ጠንካራ ወይን ጠጅ ይሰጣል፤ ሠሪው ለብቻው አስቀምጦ እንደ ቅመም በጥቂቱ ይመልሰዋል። ከዚያ ባክቴሪያዎች እንደ አረንጓዴ ፖም የሚኮመጥጠውን ማሊክ አሲድ ወተት ውስጥ ወደሚገኘው ለስላሳ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ቀይ ወይን ጠጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያልፋል።

እርምጃ 7፦ ቅልቅሉን ይተንትኑ

በክረምቱ ውስጥ ሠሪዎቹ ከየጋኑ ናሙና ይዘው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የትኛው ወደ ዋናው፣ የትኛው ወደ ሁለተኛው ወይን ጠጅ እንደሚሄድ፣ የትኛውም ከነጭራሹ በጅምላ እንደሚሸጥ የሚወሰነው በዚህ ወንበር ላይ ነው። በ2016 የርስቱን ሥራ የሚመራው ፊሊፕ ዳሉዋን ነበር።

የ2016 ሙቶን ቅልቅል 83 በመቶ ካበርኔ ሶቪኞን፣ 15 በመቶ ሜርሎ፣ 1 በመቶ ካበርኔ ፍራንና 1 በመቶ ፔቲ ቬርዶ ነው። ቁጥሮቹን እንደ ምግብ አሠራር መጠን አይያዟቸው፤ በየዓመቱ ይለወጣሉና። ይልቁንም እንደ መልስ ያንብቧቸው፤ ጥያቄው «በዚህ ዓመት የትኛው ዘር በለጠ?» የሚል ነበር። በ2016 ካበርኔ ጥማቱን ችሎ፣ ከመስከረሙ ዝናብ በኋላ ረጅሙን የጥቅምት ፀሐይ አገኘ፤ ስለዚህ ዐምዱ እርሱ ሆነ። ሜርሎ፣ ካበርኔ በአፍ መካከል ላይ የሚተወውን ክፍተት ሥጋ ያለብሰዋል። አንድ በመቶ ፔቲ ቬርዶ ደግሞ በወጥ ላይ እንደተነሰነሰ መከለሻ ነው፤ ብቻውን አይታወቅም፣ ሲጎድል ግን ይታወቃል። በእጅዎ ያለው ሌላ ጠርሙስ ከሆነ ቅልቅሉን ከርስቱ መግለጫ ፈልገው ከዓመቱ አየር ጋር ያስተያዩት። በአንድ ርስት የሜርሎው ድርሻ በአንድ ዓመት ድንገት ከቀነሰ፣ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ምን እንደደረሰ ለማየት ወደ እርምጃ 3 ይመለሱ።

እርምጃ 8፦ በርሜሉ ምን እንደጨመረ ይለዩ

የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ይህም 300 ጠርሙስ ይሞላል። የሚሠራው ከፈረንሳይ ኦክ እንጨት ነው፤ ውስጡ በእሳት ስለሚጠበስ የቫኒላ፣ የተቆላ ቡናና የጢስ ሽታ ይሰጣል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በእንጨቱ ቀዳዳ የሚገባው እጅግ ጥቂት አየር ነው፤ ታኒኑን ቀስ በቀስ የሚያለዝበው እርሱ ነው። እንደ ሙቶን ያሉ አንደኛ ደረጃ ርስቶች ለዋናው ወይን ጠጅ በአብዛኛው አዲስ በርሜል ይጠቀማሉ፤ ቆይታውም ወደ 20 ወር ይጠጋል። አነስተኛ ርስቶች አንድና ሁለት ጊዜ ያገለገለ በርሜል ያደባልቃሉ፤ እኔ በበኩሌ ብርቱ ያልሆነ ወይን ጠጅ በአዲስ እንጨት ሲሸፈን ካየሁት፣ በአሮጌ በርሜል የቆየውን እመርጣለሁ።

በየሦስት ወሩ ገደማ ጠራው ወይን ጠጅ ከአተላው ተለይቶ ወደ ንጹሕ በርሜል ይገለበጣል። በባህሉ ሠራተኛው ሻማ አብርቶ ከሚወርደው ፈሳሽ በስተጀርባ ይይዘዋል፤ ድፍርሱ መምጣት ሲጀምር ወዲያው ይዘጋል። በመጨረሻ ለአንድ በርሜል የአራት እስከ ስድስት እንቁላል ነጭ ተመትቶ ይጨመርና ሻካራውን ታኒን ይዞ ይሰምጣል። የተረፈው አስኳል ወደ ማእድ ቤት ይሄድ ነበር፤ ካኔሌ የሚባለው የቦርዶ ትንሽ ኬክ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

ወይን ጠጁ ገና በበርሜል ሳለ ከለቀማው ቀጥሎ ባለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች መጥተው ይቀምሱታል፤ ሽያጩም ያኔ ይጀመራል፣ ጠርሙሱ ለገዢው የሚደርሰው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ወቅት የተጻፈ አድናቆት ስለ አንድ ያልተጠናቀቀ ነገር፣ ሊሸጥ በተዘጋጀበት ሳምንት የተጻፈ መሆኑን አስታውሰው ያንብቡት።

እርምጃ 9፦ አስቀምጠው፣ ከፍተው፣ ይቅመሱት

ጠርሙሱን በጎኑ አስተኝተው፣ ከብርሃን ርቆ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ በሆነና በማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ያቆዩት፤ ቡሹ እንዳይደርቅ ፈሳሹ ሊነካው ይገባል። አንድ ጊዜ መልካም የሜዶክ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ለሁለት ዓመት አስቀምጬ ስከፍተው የተቀቀለ ፍራፍሬ ይሸት ነበር፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ የሚወጣውን ሙቀት አላሰብሁም። በአዲስ አበባ ቤቶች ከሁሉ የተሻለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ጋር የተያያዘ፣ ፀሐይ የማይገባበት ቁም ሣጥን ግርጌ ነው።

የ2016 ዓይነት ታኒን ያለው ከፍተኛ ደረጃ ፖያክ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚቆይ ነው፤ ዛሬ የሚከፈት ከሆነ ገና ወጣት ሳለ እንደተከፈተ ይቁጠሩት። በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡት የዚያው ዓመት የሜዶክ ጠርሙሶች ግን አሁን ለመጠጣት ደርሰዋል። ከመክፈትዎ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ያቁሙት፣ አተላው እንዲዘቅጥ። ከዚያ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ከፍተው ሆዱ ሰፊ ወደሆነ ማንቆርቆሪያ በቀስታ ይገልብጡት፤ ድፍርሱ ወደ አንገቱ ሲደርስ ያቁሙ። ለወጣቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አየር ያስፈልገዋል፤ ለአሮጌ ጠርሙስ ግን ይህ ሁሉ ሰዓት መዓዛውን ያጠፋበታል። ብርሌ ለጠጅ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ወስደው ከሢሶው አያሳልፉ።

ሲቀምሱ በመጀመሪያ ያሽትቱ፦ ጥቁር እንጆሪ መሰል ፍሬ፣ የዝግባ እንጨት፣ የእርሳስ ፍቅፋቂ የፖያክ የተለመዱ ሽታዎች ናቸው። ከዚያ ጎንጨት ብለው በአፍዎ ያንከባልሉት። ድድዎ የሚደርቅበት ስሜት ታኒኑ፣ ምራቅዎን የሚያመጣው ኮምጣጣነቱ ነው። የ2016 ምልክቱ ሁለቱም በአንድነት ከፍ ብለው አንዱ ሌላውን አለመጫኑ ነው። የ2013 ሜዶክ ጎን ለጎን ካገኙ ይሞክሩት፤ ቀለል ያለ፣ መካከሉ የሳሳ ሆኖ ያገኙታል።

ለምግቡ የበግ ሥጋ ይስማማዋል፤ ፖያክ በወተት በሚያድግ ጠቦቷም የታወቀች ናት። በእኛ ማእድ ላይ ዝልዝል ጥብስ ወይም በቅቤና በቀይ ሽንኩርት የተሠራ፣ ቃሪያው ያልበዛ የበግ ጥብስ ከቀይ ወጥ የተሻለ ጓደኛው ነው፤ የበርበሬው ማቃጠል ታኒኑን ያሻክረዋል፣ አልኮሉንም ያግለዋል። ከጠርሙሱ የተረፈ ካለ ቡሹን መልሰው ይክደኑትና በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት፤ በማግሥቱ ከመጠጣትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ያውጡት፤ የ2016 ወጣት ፖያክ አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በሁለተኛው ይለሰልሳል።